ፍጥነቱን የሸጠ ቃጠሎውንም ይግዛ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ነጋዴው «ይህ መኪና በሰዓት 180 ይነዳል» ብሎ ይሸጥላችኋል። በ150 ስትነዱት ሞተሩ ይቃጠላል። አቤት ስትሉ «ከ100 በላይ ንዱ ያላችሁ ማን ነው?» ይላችኋል። ምን ትሉታላችሁ? እኔ አጭበርባሪ እለዋለሁ። በኮምፒዩተር ገበያ ግን እንዲህ ያለው ሻጭ ይከበራል፤ ንግዱም ኦቨርክሎኪንግ ይባላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፕሮሰሰሩን እንደ ወፍጮ፣ ራሙን እንደ ጎተራ አስቡት። እህሉን ከጎተራ ወደ ወፍጮ የሚያመላልሰው ተሸካሚ ሜሞሪ ኮንትሮለር ነው። ድሮ ይህ ተሸካሚ ማዘርቦርዱ ላይ ነበር። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 ለዴስክቶፕ ባወጧቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ አስገቡት። ስለዚህ ዛሬ «ራሙን አፍጥኑት» ማለት ፕሮሰሰሩን ራሱን ከተወሰነለት በላይ አስሩጡት ማለት ነው።

ጥቅም የለውም አልልም። ዲዲአር5 ራም በሁለት መስመር በ5200 ሲሠራ በሰኮንድ እስከ 83.2 ጊጋባይት፣ በ6000 ሲሠራ እስከ 96 ጊጋባይት ያመላልሳል። በወረቀት ላይ 15 በመቶ ጭማሪ ነው። ጌም ለሚጫወት፣ በተለይ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ለሌለው፣ ልዩነቱ ይታያል። ደብዳቤ ለሚጽፍ ግን ምን ይረባዋል? ወፍጮው ሥራ ፈትቶ ተሸካሚው ቢሮጥ ዱቄቱ አይበዛ!

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። ኤኤምዲ በ2022 ራይዘን 7000ን ሲያወጣ በይፋ የሚደገፈው ፍጥነት 5200 ነው ብሎ ጻፈ። ወዲያው ደግሞ «ተስማሚው 6000 ነው» ብሎ ሰበከ፤ በአንድ ምርጫ የሚያፈጥነውን «ኤክስፖ»ንም አቀረበ። ከታች በደቃቅ ፊደል ግን በእኛው መሣሪያ ብታፈጥኑትም ዋስትናችሁ ይቀራል ይላል። ኢንቴልም «ኤክስኤምፒ»ን እያስተዋወቀ ዋስትና ሊቀር እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ጋዜጠኝነት ስንማር ከርዕሱ ይልቅ ደቃቁን ፊደል አንብቡ ይሉን ነበር። ለካ ለራም ሳጥንም ይሠራል!

በ2023 የፈራነው ደረሰ። አንዳንድ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች፣ በተለይ 7800ኤክስ3ዲ፣ ከነማዘርቦርዳቸው ተቃጠሉ። ኤክስፖ ሲበራ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ሜሞሪ ኮንትሮለሩ ላለበት ክፍል ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ይሰጡ ነበር። ኤኤምዲ ጣሪያውን 1.3 ቮልት አደረገው። የሚያስቀው ደግሞ 7800ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት ካሽ ስላለው፣ ማለትም ወፍጮው አጠገብ ሰፊ እንቅብ ስለተቀመጠለት፣ ከሌሎቹ ይልቅ ፈጣን ራም የማያስፈልገው እሱ ነበር።

«ማንም አላስገደዳችሁም» የሚሉ አይጠፉም። በሳጥኑ ላይ 6000 ብሎ በትልቁ ያተመው ማን ነው? ያንን ራም ገዝቶ ቅንብሩን ያላበራ ሰው ብዙውን ጊዜ በ4800 ይሠራል፤ ለከፈለበት ፍጥነት አልደረሰም። ያበራው ደግሞ ዋስትናውን ያጣል። በየትኛውም በኩል የሚከስረው ገዢው ነው። ኮንትሮለሩም ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ሁልጊዜ አይጮህም፤ አንዳንዴ ድምፁን አጥፍቶ ፋይላችሁን ያበላሻል። አሜሪካ ያለው ገዢ ቢያንስ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይሟገታል። አዲስ አበባ ላይ ዘመድ በሻንጣ ያመጣለትስ ለማን አቤት ይበል?

ማስተካከል ይቻላል። አሱስ በግንቦት 2023 ገዢዎች ከጮኹበት በኋላ የማዘርቦርድ ዋስትናው ኤክስፖንም ኤክስኤምፒንም እንደሚሸፍን በይፋ ተናገረ። ስለዚህ ሌሎቹም ከሁለት አንዱን ይምረጡ፤ ዋስትና ያለውን ቁጥር እኩል አግዝፈው ያትሙ፣ አለዚያም ላተሙት ይቁሙ። እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት «በዚህ ፍጥነት ቢቃጠል ትቀይሩልኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።