የአሮጌ ሞተር ዋጋ በሚዛን ብቻ አይታወቅም

ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁለት አድርጎ ወደ ድብ ባሕር የሚወርደው የጥንቱ የመኪና መንገድ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራ መሆኑ የታወቀ ነው። ጠላት በመስከረም 1934 ዓ.ም ከወልቀፊት ምሽጉ፣ በኅዳርም ከጎንደር እጁን ሲሰጥ፣ ስንቅና መሣሪያ ያመላልስባቸው ከነበሩት ካሚዮኖች ብዙዎቹ በአገራችን ቀርተዋል። ከነዚህም አንዱ ሕዝቡ ትሬንታ ኳትሮ እያለ ይጠራው የነበረው ፊያት 634 ነው።

እንግዲህ የዚያ ዘመን ሞተር በግቢ ወይም በመንገድ ዳር ሲገኝ «አሮጌ ብረት» ተብሎ በኪሎ መሸጡ አያስመሰግንም። ከመሸጡ በፊት ማንነቱ ሊመረመር ይገባል።

የብራና መጽሐፍ በቆዳው ክብደት እንደማይተመን ካህናቶቻችን ያውቃሉ፤ ማን እንደ ጻፈው፣ ማን እንዳጻፈው፣ በማን ዘመነ መንግሥት እንደ ተጻፈ የሚናገረውን ቃል አስቀድመው ይፈልጋሉ። ሞተርም እንዲሁ የራሱ ጽሕፈት አለው፤ ይኸውም በአካሉ ላይ የተቀረጸው ቍጥርና የፋብሪካው ምልክት ነው። ይህንም በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጠርጎ ማንበብ እንጂ በመዶሻና በሞረድ መፋቅ አይገባም። ቍጥሩ ቢጠፋ ሲሊንደሩን መቍጠር ይረዳል። ከናፍጣ ሞተሮቹ የፊያት 634 ስድስት፣ የላንቺያ ትሬ ሮ አምስት ሲሊንደር አለው፤ ከርሱ የቀደመው ላንቺያ ሮ ግን ሁለት ብቻ ሲሆን፣ በያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ፒስቶኖች ፊት ለፊት ይሠራሉ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የሌለው በመሆኑም ከቤንዚኑ ይለያል።

ማንነቱ ከታወቀ በኋላ ዋጋውን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው፦ አካሉ አለመሰንጠቁ፤ በእጅ ሲያዞሩት መዞሩ፤ የናፍጣው ፓምፕ አለመጕደሉ፤ ከመጀመሪያው ሻንሲው አለመለየቱ፤ የተገኘበት ስፍራና የባለቤቶቹ ታሪክ በጽሑፍ መገኘቱ። ይህ የመጨረሻው ያለ ገንዘብ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ካለፉ በኋላ ግን በብዙ ገንዘብም አይገኝም።

በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ለታሪክና ለዕደ ጥበብ ጥቅም ያለውን የሰው ሥራ ቅርስ ብሎታል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት የመንግሥት አሮጌ ንብረት ለጨረታ ከማቅረባቸው አስቀድሞ ቍጥሩን ይመዝግቡ፤ ሥዕሉን በፎቶግራፍ ያንሡ፤ ዐዋቂ መካኒክም ያስመርምሩ። የአብያተ ክርስቲያናትን ንዋያተ ቅድሳት በመመዝገብ የለመዱ ካህናትም የሽማግሌዎችን ቃል በመጻፍ ይርዷቸው። ይህ ሥራ የአንድ ቀን ድካም ነው፤ የቀለጠውን ሞተር ግን ማንም መልሶ ሊያነበው አይችልም።