ስለ ሄኖክ የተጨመረው ቃል፦ ጆሴፍ ስሚዝን ከማን ጋር እናነጻጽር?

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 ስለ ሄኖክ የሚናገረው በጥቂት ቁጥሮች ብቻ ነው። ከእግዚአብሔር ጋር መሄዱንና መወሰዱን ጠቅሶ ያልፋል። ይህን ዝምታ አይሁድም ሞርሞኖችም በትረካ ሞልተውታል። ከዚህ በመነሣት አንዳንድ አጥኚዎች የሞርሞኖችን ነቢይ የጆሴፍ ስሚዝን ሥራ ከአይሁድ ሚድራሽ ጋር ያመሳስሉታል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ንጽጽሩ ቦታውን ስቷል።

ሚድራሽ ንባቡን ሳይነካ በአጠገቡ ይቆማል። በበሬሺት ራባ ውስጥ አንዱ ሊቅ ሄኖክን ከኃጥኣን ይቆጥረዋል፤ ሌላው ደግሞ አንዴ ጻድቅ፣ አንዴ ኃጥእ ስለ ነበር በጽድቁ ሳለ ተወሰደ ይላል። እያንዳንዱ ሐሳብ ከባለቤቱ ስም ጋር ይቀመጣል፤ ተቃራኒውም አይሰረዝም። በሚድራሽ አንዱን ትርጓሜ ከሌላው የሚያሸጋግረው «ዳቫር አሔር»፣ ማለትም «ሌላ ነገር»፣ የአንድምታ መምህራን «አንድም» ከሚሉት ጋር በአገልግሎቱ ይቀራረባል።

ጆሴፍ ስሚዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1830 ንባቡን ራሱን መከለስ ጀመረ። በመጽሐፈ ሙሴ ምዕራፍ 6 እና 7 ሄኖክ ጽዮን የምትባል ከተማ ይሠራል፤ እግዚአብሔር ስለ ሰው ልጆች መከራ ሲያለቅስ ያያል፤ ከተማይቱም ወደ ሰማይ ትወሰዳለች። ይህ ሁሉ ለሙሴ እንደ ተገለጠ ቃል እንጂ እንደ አንድ ሊቅ አስተያየት አልቀረበም። መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1880 ከቤተክርስቲያኒቱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ተቈጠረ።

እንግዲህ የሚመጥነው አቻ መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዕብራይስጥ የተደረሰው ይህ መጽሐፍ ሙሉ ይዘቱ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ነው። በሲና መልአኩ ለሙሴ ይተርካል፤ ከሰው ልጆች መጀመሪያ ጽሕፈትን የተማረው ሄኖክ መሆኑም የዚያ ትረካ አካል ነው። ኩፋሌም እንደ መጽሐፈ ሙሴ የጨመረውን የሚናገረው በራእይ ድምፅ ነው።

ሁለቱም ልማዶች ከአንድ የቅዱስ ቃል ፍቅር ይመነጫሉ የሚል ሙግት ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ከአንባቢው የሚጠይቁት ግን ይለያያል። ሚድራሽ ወደ ክርክር ይጋብዛል፤ ራእይ እምነትን ይሻል። መጽሐፈ ሙሴን ሚድራሽ ማለት የአማኞቹን አቋም ሳይነግሩ መሻር ነው፤ የሚድራሽንም የመከራከር ነጻነት ያደበዝዛል። ኩፋሌን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቈጥራ አንድምታን ከንባቡ ጎን ባኖረች ቤተክርስቲያን ቅርስ ያደገ ተመራማሪ ይህን ልዩነት ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።