«ካልተመቸህ ልቀቅ!»

ቤት ሠርቶ ማከራየት ሐላል ንግድ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ግን ልብ በሉ! የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ የሚቀበል የአዲስ አበባ አከራይ ከደሃ ተከራዩ ያለ ወለድ ተበደረ ማለት አይደለምን? በዚያ ገንዘብ ተጨማሪ ክፍል ይሠራል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ግን «ካልተመቸህ ልቀቅ» ይላል። በመጋቢት 2016 ዓ.ል የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ታዲያ አንዳንዶች «ሕጉ አከሰረን» ይላሉ። የሚያከስረውስ በየጊዜው ተከራይ ማባረር፣ ለደላላ መክፈልና ባዶ ቤት መጠበቅ ነው። ቤቱን የሚጠግን፣ ውሉን የሚያከብር አከራይ ተከራዩ ይበረክትለታል። ቤቱ ያንተ ነው፤ የተከራዩ ሐቅ ግን ያንተ አይደለም!