ድጎማው ከወረቀት ወርዶ ሸማ ተራ ይድረስ!

ጎበዝ፣ ለመሆኑ የምርምር ገንዘብ የሚባለው የማንን ደጅ ነው የሚያውቀው? እኔ ሸማ ተራን ሱቅ በሱቅ ስዞር የማየው፣ በማሽን የታተመ የውጭ «ጥለት» የእጁን ሥራ በዋጋ ሲረታው ነው። ሸማኔያችን ዛሬም ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ የአያቱን መወርወሪያ ይወረውራል።

ነገሩ የስንፍና አይደለም። ነጋዴው ከፍሎ አዲስ ጥለት ቢያሠራ በሳምንቱ ጎረቤቱ ይገለብጥበታል። ታዲያ የትኛው ሞኝ ነው ብቻውን የሚያወጣ? የመንግሥት ድጎማ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነበር!

ወረቀቱማ ሞልቷል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ቢያንስ 1.5 በመቶ ለምርምር ይመደባል ብሎን ነበር። ዩኔስኮ ለ2017 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ግን 0.27 በመቶ ነው። ቀሪው የት ቀረ?

ህንድ በ1956 እ.ኤ.አ. የሸማኔ አገልግሎት ማዕከላትን ከፍታ ንድፍ አውጪን፣ የቀለም ባለሙያንና ሸማኔን አገናኘች። እኛስ? የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃጨርቅ ምሁራን አሉን፤ ከሸማኔው ጋር ካልተጣመሩ ግን ጥናታቸው የመደርደሪያ ሲሳይ ነው።

መንግሥት ግማሹን ይክፈል፣ ነጋዴው ግማሹን ያዋጣ፣ ውጤቱም ተራው ድረስ ይውረድ። አለዚያ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ስንተርት ድሩም ከባሕር ማዶ ይመጣልናል!