መዥገሩን ማን ይንቀለው?

ርእሱን አይቶ «ዛሬ ደግሞ የትኛውን ባለሥልጣን ሊያብጠለጥሉ ነው?» ብሎ ጋዜጣዋን የገዛ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይወቀው። የማወራው ስለ እውነተኛው መዥገር ነው። በላም ጆሮ ውስጥ፣ በግቷ ሥር፣ በጭራዋ ግርጌ ተለጥፎ ደም ስለሚመጠው ባለስምንት እግር መዥገር። ስለ ሌላው መዥገርማ ስንት ተጻፈ፣ ማን ሰማ?

«እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ የላም መዥገር ምን አገባኝ?» የሚልም አይጠፋም። ያገባሃል ወንድሜ! ያገባሻል እኅቴ! ጠዋት የምትጠጡት ማኪያቶ፣ ለሕፃኑ በጡጦ የሚሞላው ወተት፣ ለበዓል የሚነጠረው ቅቤ ከሰማይ አይወርድም። ከላም ነው የሚመጣው። ላሟ ስትታመም የወተቱ ዋጋ ይንራል። ላሟ መድኃኒት ተወግታ በማግስቱ ስትታለብ ደግሞ መድኃኒቱ እናንተ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ አያገባኝም ማለት ይቻላል?

አዲስ አበባ ከጥንትም ላም ያላት ከተማ ናት። ስሙን እንኳ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች ያገኘው ካዛንቺስ፣ ከፊት ሲያዩት ሆቴልና ቢሮ፣ ከጓሮ ሲገቡ ደግሞ በረት የነበረበት ሰፈር ነበር። ቂርቆስም እንደዚያው። በአንድ ግቢ ጥግ በቆርቆሮ የተከለለች በረት፣ ውስጧ አንድ ወይም ሁለት የፈረንጅ ላም። ላሟ ከበረቷ አትወጣም፤ ድርቆሹም ፉርሽካውም ፋጉሎውም እዚያው ድረስ ይመጣላታል። ጎረቤት በየማለዳው ጠርሙሱን ይዞ ይሰለፋል። ዘመናዊ አይደለም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ልጅ ያሳደገ፣ ትምህርት ቤት የከፈለ፣ ባል የሞተባትን ሴት ከልመና ያዳነ ሥራ ነበር። ሌላም ትልቅ ጥቅም ነበረው። ሣር ያልረገጠች ላም መዥገር የሚይዛት ከስንት አንዴ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደ። ስለ ቤቱ ተወራ፣ ስለ ሱቁ ተወራ፣ ስለ እድሩ መበተን ተወራ። ስለ ላሟ ግን ሲወራ አልሰማሁም። ላም ደግሞ እንደ ቁም ሣጥን በአይሱዙ ተጭና አዲስ ቤት ስለገባች ነገሩ አያበቃም።

እትዬ እያልኩ የምጠራቸው አንዲት እናት ሁለት ዲቃላ ላሞቻቸውን ይዘው ወደ ዳር ከወጡት አንዷ ናቸው። ድርቆሹ ከነትራንስፖርቱ አልቀመስ ሲላቸው፣ ክረምቱ ገብቶ ሜዳውም ሲለመልም፣ ላሞቹን ለቀቋቸው። ማን ይፈርድባቸዋል? ነጻ ሣር ተገኝቶ! በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንደኛዋ ላም መብላት ተወች፤ ወተቷ በአንድ ቀን ተቋረጠ፤ ሽንቷ ቡና መሰለ። እትዬ መድኃኒት ፍለጋ ሮጡ። አንዱ ሻጭ ምልክቱን ሳይጠይቅ ጽሑፉ የለቀቀ ብልቃጥ ሸጠላቸው። ላሟ በአራተኛው ቀን ሞተች። «ልጄ፣ ካዛንቺስ እያለች መዥገር የሚባል አታውቅም ነበር እኮ!» አሉኝ። ዛሬ አንዲት ደህና ዲቃላ ላም ከ100,000 ብር በላይ ናት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

እትዬ ሳያውቁት የእንስሳት ሐኪሞች የሚያስተምሩትን ነው የተናገሩት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንየው።

መዥገር ደም ከመምጠጡ ይልቅ የሚያስፈራው በምራቁ የሚያስገባው በሽታ ነው። ሐኪሞች ቡፊለስ የሚሉት ትንሹ ሰማያዊ መዥገር ባቤዢያንና አናፕላዝማን ያስተላልፋል። ባቤዢያ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይበጥሰዋል፤ ሽንቱ ቡና የሚመስለው ለዚህ ነው። አናፕላዝማ ደግሞ ሽንቱን ሳያቀላ ድዷንና ዓይኗን ያገረጣል፣ ቢጫ ያደርጋል፣ ሆዷን ያደርቃል። ጀርባው ዝንጉርጉር የሆነው ትልቁ አምብሊዮማ በልብ ዙሪያ ውኃ የሚያስቋጥረውን ኮውድሪዮሲስን ያመጣል፤ ምላሱ ረጅም ስለሆነም ግት ነክሶ ያቆስላል፣ አንዱን ጡት እስከ ወዲያኛው ያደርቃል። ቆዳውን ሲበሳሳ ደግሞ ፋብሪካው ዋጋ ይጥልበታል።

እንዴት ይራባል? አንዲት የጠገበች ሰማያዊ መዥገር ከላሟ ወርዳ ሣር ሥር ከ2,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። የተፈለፈለው ሣር ላይ ወጥቶ ላም እስክታልፍ ይጠብቃል። ላም ላይ ከወጣ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል እዚያው አድጎ፣ ጠግቦ ይወርዳል። እንግዲህ በዓመት አንድ ጊዜ «ዘመቻ» ብሎ ረጭቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ ምን ዋጋ አለው? በሦስት ሳምንቱ ካልተደገመ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ለመሆኑ የገጠሩ ገበሬ ላም በየሜዳው ስትውል ለምን አታልቅም? የእኛ አገር በቀል ከብት ከመዥገር ጋር ሺሕ ዓመታት ኖሯል፤ ቆዳው ለምዷል። ጥጃውም በተወለደ በጥቂት ወራት በመጠኑ ስለሚነከስ፣ በዚያ ዕድሜው በሽታው ሳይጠናበት መከላከያውን ይዞ ያድጋል። የፈረንጇ ላም ይኼ የላትም። በረት ውስጥ አድጋ፣ ጎልማሳ ሆና፣ ወተት በምትሰጥበት ዕድሜ ድንገት መዥገር ወዳለበት ሜዳ ስትለቀቅ ባዶ እጇን ጦር ሜዳ እንደገባ ወታደር ናት።

አሁን ወደ መንግሥት ልምጣ። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» ተብሎ ታወጀ፤ ወተት እንደ ውኃ ሊፈስ ነው ተባለ። ጥሩ ነው፣ ማን ይጠላል! ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የተሻሻለ ዘር ጊደር ማደል፣ ሰው ሠራሽ ማዳቀል፣ ይኼ ሁሉ መዥገር የማይችል ደም ማብዛት ነው። በዚያው ልክ መዥገር የሚቆጣጠር ባለሙያ፣ የሚረጭ መሣሪያ፣ ደም የሚመረምር ማይክሮስኮፕ በየወረዳው ካልበዛ የምናበዛው ላም ነው ወይስ የመዥገር ቀለብ?

የመድኃኒቱም ነገር እንዲሁ ነው። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 ከወጣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እነሆ ዓመታት ተቆጠሩ። ሥራው ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ነው። ሕጉ አለ፣ ቢሮው አለ፤ ስም የለሹ ብልቃጥም ገበያ ላይ አለ። ሦስቱ እንዴት አብረው ኖሩ? አንድ ዓይነት ኬሚካል ቀጥኖ በተረጨ ቁጥር የሚሞተው ደካማው መዥገር ነው፤ የሚተርፈውና የሚራባው መድኃኒቱን የቻለው ነው። ነገ እውነተኛው መድኃኒት ቢመጣም አይገድለውም።

ይቻላል ወይ? ይቻላል። መዥገር በሽታ እንደሚያስተላልፍ ለዓለም ያስመሰከሩት እ.ኤ.አ. በ1893 ስሚዝና ኪልቦርን የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። አገራቸው በ1906 ዘመቻ ጀምራ፣ በየሠፈሩ ከብት መንከሪያ ገንዳ ቆፍራ፣ በ1943 በሜክሲኮ ድንበር ካለው ቀጭን መከላከያ ቀጠና በቀር ያንን መዥገር አጠፋች። ከ30 ዓመት በላይ የፈጀ ሥራ ነው። እኛ እናጥፋው አላልኩም፤ አቅማችንም ሁኔታችንም ሌላ ነው። ልኩን እናስይዘው ነው የምለው።

አንደኛ፣ ላም ያለውን ሰው ከመሀል ከተማ የሚያነሣ አካል ለሰውየው ቤት ሲቆጥር ለላሟም በረትና የመኖ አቅርቦት ይቁጠር። ያ ባይቻል እንኳ «ሜዳ ከመልቀቅህ በፊት እንዲህ አድርግ» የሚል አንድ ባለሙያ ይላክ። ሁለተኛ፣ የከተማዋ ዳር ወረዳዎች የጋራ መርጫ ቦታ ይኑራቸው፤ ዝናብ ሲጀምር ተነሥቶ በየሦስት ሳምንቱ የሚደገም። ሦስተኛ፣ ከጆሮዋ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ውድ ነገር አይደለም። ባቤዢያና አናፕላዝማ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው፤ ሳያዩ መውጋት ዕጣ መጣል ነው።

ላም ያላችሁ አንባብያን ደግሞ መንግሥትን ብቻ አትጠብቁ። ከቻላችሁ ሣሩን አጭዳችሁ አምጡላት እንጂ አትልቀቋት። ማታ ማታ ጆሮዋን፣ ብብቷን፣ ግቷን፣ የጭራዋን ሥር ዳብሱ። ስትረጩ በመመሪያው ልክ በጥብጡ፤ ሆዷ ሥር እስኪንጠባጠብ ድረስ ይድረስ፣ እጃችሁንም ሸፍኑ። የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ መቀባት ቆዳዋን ከመላጥ በቀር አይረባም። አሚትራዝ የተባለውን መድኃኒት ለጋሪ ፈረሳችሁ እንዳትሞክሩት፤ አንጀቱን አስሮ ይገድለዋል። ትኩሳት ሲነሣ፣ ወተት ድንገት ሲቀንስ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ። ሽንቷ እስኪጠቁር አትጠብቁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። መድኃኒት የተወጋችን ላም ወተት ደግሞ ሐኪሙ በነገራችሁ ቀን ልክ ድፉት። ያማል፣ አውቃለሁ። ግን የጎረቤት ልጅ ነው የሚጠጣው።

ለሹማምንቱ አንዲት ቃል ልጨምር። ቢሾፍቱ ያለው የክትባት ኢንስቲትዩት ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ ክትባት ያመርታል፤ የሚያኮራ ነው። መዥገር ግን አንድ ቀን ወግተው የሚገላገሉት ጠላት አይደለም። ሪባን አይቆረጥለትም፣ ቴሌቪዥን አይቀርጸውም። በየሦስት ሳምንቱ፣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ የላም ጭራ አንሥቶ የሚያይ ሰው ነው የሚፈልገው። እንዲህ ያለ ሰው ቀጥራችኋል ወይ? ደመወዙንስ በወሩ ትከፍሉታላችሁ? የወተቱ ጉዳይ የሚቋጨው በዚህ መልስ ነው።