ቅዠት በባይፖላር ሕክምና ውስጥ ቦታ ይሰጠው

ባይፖላር ሕመም ያለባቸው አዋቂዎች ሐኪም ፊት በቀረቡ ቁጥር ስለ እንቅልፋቸው ይጠየቃሉ፤ የሚጠየቁት ግን ስንት ሰዓት እንደተኙ ነው። በእንቅልፋቸው ምን እንዳዩ የሚጠይቃቸው እምብዛም የለም። ድብደባ፣ መደፈር ወይም ጦርነት ያሳለፈ ታካሚ ያንኑ መከራ በየሌሊቱ መልሶ የሚያይ ከሆነ፣ መኝታው ራሱ የሚፈራ ቦታ ይሆንበታል፤ አምሽቶ ይተኛል፣ በድንጋጤ ይነቃል፣ ከነቃም በኋላ ተመልሶ መተኛትን ይሸሻል። ይህ ለማንም ሥቃይ ነው። ለባይፖላር ታካሚ ግን ሌላም አደጋ አለው። ቶማስ ዌርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳመለከቱት፣ የእንቅልፍ መቀነስ ልዩ ልዩ መንሥኤዎች ወደ ማንያ የሚያደርሱበት የጋራ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። እንግዲያው እንቅልፍን የሚቀማ ቅዠትን ማከም ሕመሙ እንዳያገረሽ ከሚደረገው ጥንቃቄ ተለይቶ ሊታይ አይገባውም።

ሕክምናው አለ። ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሙከራ 168 ከወሲባዊ ጥቃት የተረፉ ሴቶች በዕጣ ተመድበው ነበር። ሕክምናው የደረሳቸው ሴቶች ቅዠታቸውን ነቅተው ሳሉ እንደፈለጉ ለውጠው አዲሱን ሕልም በየዕለቱ በአእምሯቸው እንዲለማመዱ ተደረገ፤ ቅዠታቸውም ቀነሰ። በኦክላሆማ የተልሳ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ዴቪስ ያዳበረችው ሕክምና በዚህ ላይ ጡንቻን ማፍታታትንና አስከፊውን ቅዠት በጽሑፍ መጋፈጥን ይጨምራል። በአንጻሩ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ፕራዞሲን የተባለው መድኃኒት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ በወጣው የ304 የቀድሞ ወታደሮች ሙከራ ከማስመሰያ ክኒን ብልጫ አላሳየም።

ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የሥነ ልቦና ቁስል ሙከራዎች የባይፖላር ታካሚዎችን ከደጅ ይመልሳሉ። የሚሰጠው ምክንያት አስፈሪ ትዝታን መቀስቀስ ስሜታቸውን ያናውጣል የሚል ነው። ስጋቱ ከንቱ ባይሆንም የተነጣጠረው በተሳሳተው ክፍል ላይ ይመስላል። ታካሚው ያንን ትዝታ ሕክምና ቢያገኝም ባያገኝም በየሌሊቱ ያየዋል። ይልቅስ መጠንቀቅ የሚያሻው ከቅዠት ሕክምና ጋር ተያይዘው በሚሰጡት የእንቅልፍ መመሪያዎች ነው። የአልጋ ላይ ሰዓትን ማሳጠር ማንያን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ «እንቅልፍ ካልወሰደህ ከአልጋህ ተነሣ» የሚለውም ምክር ሌሊቱን በሥራ ለመፍጀት በር ሊከፍት ይችላል። ኬት ካፕላንና አሊሰን ሃርቪ ለባይፖላር ታካሚዎች የአልጋ ላይ ሰዓት ከ6.5 እንዳያንስ ወሰን ያበጁት ስለዚህ ነው። በዚህ መንገድ የተስተካከለው የእንቅልፍ ማጣት ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ የ58 ሰዎች ሙከራ ማገርሸትን ቀንሷል። ያ ጥናት ስለ እንቅልፍ ማጣት እንጂ ስለ ቅዠት አልነበረም፤ ሆኖም ማስተካከል እንደሚቻል አሳይቷል።

ኢትዮጵያ በዚህ መስክ ባዶ እጇን አይደለችም። በቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን የዳሰሰው ጥናት 315 የባይፖላር አንድ ታካሚዎችን ለይቷል፤ ብዙዎቹም የገጠር ነዋሪዎች ነበሩ። እዚህ ላይ የተልሳው ሕክምና እንዳለ አይገለበጥም፤ ጽሑፍ የማያውቅ ሰው ቅዠቱን በቃል ቢተርክ ውጤቱ ያው ይሆን እንደሆነ ራሱን የቻለ የምርምር ጥያቄ ነው። የቋንቋው ጉዳይም አለ። ቤተሰብ «ይቃዣል» ሲል በእንቅልፍ ልቡ መጮኹን ሊያመለክት ይችላል፤ በቁሙ መዘባረቁንም ሊያመለክት ይችላል። ጠያቂው ይህን ሳያጣራ ከመዘገበ የቁስል ቅዠት የሥነ አእምሮ መቃወስ ምልክት ሆኖ ይጻፋል፤ ታካሚውም የመድኃኒት መጠን ተጨምሮለት ወደዚያው ሌሊት ይመለሳል። (ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ በዚህ ሕክምና ግን ፈቺው ራሱ አላሚው መሆኑ ለአገሬው ሰው ለማስረዳት የሚከብድ አይመስልም።)

ለጅምር ትልቅ ሙከራ አያስፈልግም። ስሜታቸው የተረጋጋና መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ የሚወስዱ ጥቂት ታካሚዎችን እያንዳንዳቸውን ከራሳቸው የቀድሞ ሁኔታ ጋር በማነጻጸር መከታተል ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚመጥን ሥራ ነው። የዕለት መዝገቡ ሦስት ዓምድ ይበቃዋል፦ የቅዠት ብዛት፣ የእንቅልፍ ሰዓትና የስሜት ከፍታ። የእንቅልፍ ሰዓቱ እየቀነሰ ስሜቱ ከፍ ካለ ልምምዱ ይቆማል፤ ይህም ውሳኔ ጥናቱ ሳይጀመር በፊት ተጽፎ መቀመጥ አለበት።