ከኮደሮቹ ዝርዝር የቀረችው
ዱባይ ሾፌር አልባ ሜትሮዋን ያስጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ በ2017 ደግሞ ኢምሬትስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሚኒስትር ሾመች። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ይህችው አገር ከመንግሥታችን ጋር የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና አስጀመረች። ነጻ ሥልጠና ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ሻርጃና አጅማን ውስጥ የሰው ልጅ የምታሳድገውን፣ አዛውንት የምታነሳና የምታጥበውን እህታችንን ማን አሰባት? እ.ኤ.አ. በ2023 የተጀመረው የኢምሬትስ የሥራ አጥነት መድን ደመወዙ አነስተኛ የሆነን ሠራተኛ በወር 5 ድርሃም ብቻ ያስከፍላል። ከሥራ ሲቀነስም የመነሻ ደመወዙን 60 በመቶ እስከ 3 ወር ይከፍለዋል። የቤት ሠራተኞችን ግን አያካትትም። ሮቦት ሥራዋን ይነጥቃታል የሚለው ስጋት ለእኔ የተጋነነ ነው፤ ወለል የሚጠርገው ማሽን የታመመች አሮጊትን አባብሎ መድኃኒት አያስውጥም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ዓመታት ሠርታ፣ ዐረብኛ ተምራ፣ ሕሙማን አስታማ፣ ወረቀቷ ላይ ያው «የቤት ሠራተኛ» ሆና መቅረቷ። ከአገር ስትወጣ የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቃት መንግሥት፣ እዚያ ያካበተችውንም መዝኖ የአረጋውያን ተንከባካቢነት ደረጃ ሊሰጣት ይገባል። ምዘናው ዱባይ ባለው ቆንስላችን፣ በሳምንታዊ የዕረፍት ቀኗ ይሰጥ። የኢምሬትስ ሕግ ቀጣሪ ካሣ ከፍሎ በዚያ ቀን እንዲያሠራት ስለሚፈቅድ፣ የምዘናዋ ቀን እንዳይነካ በሁለቱ አገሮች ስምምነት ውስጥ ይጻፍላት።